ለዝምታዋ የመጣ ምስጋና

ኢኒጎ ሲያፈቅር እንኳ ደረቱን ነፍቶ ነው። ከሴቡ ወደብ መንገደኛ የሚያመላልሱት መርከቦች ግማሾቹ የአባቱ ናቸው፤ የተማረው በሰው አገር ነው፤ ባሕር መሐል ሆኖ ሳይቀር ሸሚዙን አስተኩሶ ይለብሳል። ለጆቬሊን በየጠዋቱ የሚልክላትን ብጣሽ ወረቀት እንኳ በስፓኒሽ ግጥም ይጀምርና መጨረሻው ላይ ሙሉ ስሙን ከነማዕረጉ ይፈርምበታል፤ ለፍቅረኛው ሳይሆን ለባንክ የሚጽፍ ነው የሚመስለው። እሷ ግን አንዱንም ወረቀት ሳትጥል በልብሶቿ መሐል አስቀምጣቸዋለች። ፍቅር አስተዋይ የሚባለውን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያጃጅለው።

እሱ በጥናቱ መርከብ ላይ የሳይንቲስቶቹ አለቃ ነው። ከመርከቡ ኋላ የሚጎተቱት የአየር መድፎች በየጥቂት ሰከንዱ የታመቀ አየር ይተፋሉ። ድምፁ ውሃውን ሰንጥቆ ወርዶ፣ ከባሕሩ ወለል በታች ያለውን ጭቃና ዐለት ነክቶ ይመለሳል፤ ከሚመለሰው ድምፅም መሬት የሚያንቀጠቅጠው ስንጥቅ የት እንዳለ ይሣላል። እሷ ደግሞ ባሕር ጠባቂ ናት። ከካፒቴኑ ክፍል ጣሪያ ላይ ቆማ በባይናኩላር ትቃኛለች። ዓሣ ነባሪ ወይም ዶልፊን ወደ መድፎቹ ከቀረበ በሬዲዮ "አቁሙ!" ትላለች፣ መድፎቹም ዝም ይላሉ። እነዚህ ፍጥረታት የሚኖሩት በጆሯቸው ነው፤ ያ ድምፅ አጠገባቸው ከፈነዳ እናት ከልጇ ትጠፋፋለች። የመርከቡ ምሁራን ይህን ሥራዋን አክብረው "የዓሣ ነባሪ ሞግዚት" ይሏታል። ክብራቸው እዚህ ድረስ ነው።

የኢኒጎ እናት ዶኛ ኮንሱዌሎ ደግሞ ይህንንም አልሰጧት። ዓምና ልጃቸው ለምሳ ይዟት ሲመጣ ከእግር እስከ ራሷ ቃኟትና፣ "ጆቬሊን? ይሄ የሳሙና ስም አይደለም እንዴ?" አሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ኢኒጎም ሳቀ። ወደ ወደቡ ሲመልሳት "ደንግጬ ነው የሳቅኩት" አላት፣ አመነችው። እንግዲህ ያመነችው እሷው ናት፤ ማንም አላስገደዳትም።

መርከቡ ወደ ሊናባን ባሕር ከመግባቱ በፊት የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ኢኒጎን አሸዋው ላይ ተቀብለው ቃል አስገብተውት ነበር። ሊናባን የጆቬሊን አገር ናት። ዱሮ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ነበረች፤ የጆቬሊን አባት ክሪስፑሎም ትልቅ የብረት መንጠቆ ይዘው ከጀልባ ጫፍ ላይ እየዘለሉ ዓሣ ነባሪዋ ጀርባ ላይ ከሚያርፉት አንዱ ነበር። አደኑ ከተከለከለ ወዲህ ግን ደሴቲቱ የምትኖረው ዓሣ ነባሪ ሊያይ የሚመጣውን እንግዳ በጀልባ እያዞረች ነው። ሽማግሌዎቹ "ስንጥቁን ፈልጉልን፤ እኛም ማወቅ እንፈልጋለን" አሉት። "ግን ድምፃችሁ ዓሣ ነባሪ ላይ ካረፈ፣ በዚያው ቀን ከባሕራችን ትወጣላችሁ።" ኢኒጎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ። ክሪስፑሎም "ልጄ ከላይ ሆና ታያለች፤ ያየችውንም ትናገራለች" ብሎ ዋስ ሆናት።

ማወቅ እንፈልጋለን ማለታቸው የምር ነበር። ከዓመታት በፊት መሬት ተንቀጥቅጦ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ሲናድ የጆቬሊን እናት ከሥሩ ነበረች። ከዚያ በፊት እዚያ ስንጥቅ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የጆቬሊን ልብ ለኢኒጎ የተከፈተው በግጥሙ አይደለም፣ ያንን ስንጥቅ ልፈልግ ብሎ ስለመጣ ነው።

*

በሊናባን የአደን ጀልባ ላይ ዓሣ ነባሪ ቀድሞ ያየ ሰው አፉን አይከፍትም። አይጮህም፣ ስሟንም አይጠራም። ከንፈሩን ነክሶ አጠገቡ ያለውን ሰው ትከሻ ይነካል፤ ያም ቀጣዩን ይነካል። የተናገረ ሰው አደኑን ያበላሻል፣ ጀልባውንም ያስገለብጣል ይባላል። ጆቬሊን በልጅነቷ አንድ ጊዜ ደስ ብሏት "ያቻት!" ብላ ጮኸች። አባቷ በጥፊ አጮላት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጀልባ ላይ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ጠባቂ ሆና ስትሠለጥን ይህን ሁሉ የረሳችው መስሏት ነበር። ዶልፊን ባየች ቁጥር መርከቡን በጩኸት ታናውጠዋለች። ዶልፊንን ግን ሊናባን በዝምታ አድናው አታውቅም። ትልቋ ዓሣ ነባሪ ብቅ እስክትል ድረስ ጆቬሊን አፏ ማንን እንደሚታዘዝ አላወቀችም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መርከቡ በሊናባን ፊት ለፊት ያልፍ ነበር። የዕለቱ መስመር ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻውን፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚያገናኘውን መስመር በመንደሩ በር ላይ ይሄዱበታል፤ ያ ካልተሠራ ሥዕሉ ግማሽ ነው። እንደ ታላቅ እህት ‘ማናንግ’ የምትባለው አንጋፋዋ ጠባቂ ማናንግ ፔርላ በግራ በኩል ቆማ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ቀኙ የጆቬሊን ነው።

መጀመሪያ ትንፋሹን አየችው። ከውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ወጣና በነፋስ ተበተነ። ከሥሩ ሰፊ ጥቁር ጀርባ ታየ፤ ከጀርባው ጎን ደግሞ አንድ ትንሽ፣ ገና አተነፋፈስ ያልለመደ፣ ቶሎ ቶሎ ብቅ የሚል። ወደ መድፎቹ እየመጡ ነው።

ጆቬሊን ከንፈሯን ነከሰች።

ሬዲዮው እጇ ላይ ነው። ሌላው እጇ ግን ሳታዘው ተዘርግቶ ከጎኗ ትከሻ ፈለገ፤ ያገኘው ነፋስ ብቻ ነው። ከታች መድፉ ዱም አለ፣ ንዝረቱ በጫማዋ በኩል ወጣ። ተናገሪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል፣ አለች ራሷን። አፏ አልተከፈተም። ዱም።

ከታች ኢኒጎ ወጥቶ ቆሟል። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይወጣል፤ የሚወጣውም እሷን ለማየት ነው። ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ የሄደበትን ተከትሎ ባሕሩን አየ። ከዚያ ተመልሶ እሷን አየ፣ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እጁ ወገቡ ላይ ወዳለው ሬዲዮ ሄደና እዚያው ቀረ። ፈገግ አለላት። በፍቅር ዘመናቸው ሁሉ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ፈገግታ አሳይቷት አያውቅም። ዱም።

ትንሹ ዞረ፤ የዞረው ግን ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ ማዶ ነው። እናትየው ጠልቃ በሌላ በኩል ወጣች፣ ፈለገችው፣ እንደገና ጠለቀች።

"አቁሙ!" የሚለው ቃል ከጆቬሊን አፍ ሲወጣ ከታች ከሳይንቲስቶቹ በሬዲዮ የመጣላት መልስ ሳቅ ነበር። "መስመሩ አልቋል እኮ፣ መድፉን ዘግተናል! ሞግዚቷን እንቅልፍ ወስዷት ነበር እንዴ?"

ማናንግ ፔርላ ዞር አለች። "ምን አየሽ ኢንዳይ፣ የኔ ልጅ?"

"ቆዪ ማናንግ" አለች ጆቬሊን። "ትንሽ ቆዪኝ።"

ባይናኩላሩን ዓይኗ ላይ ደግና ቆየች። ባሕሩ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ፊቷን የምትደብቅበት ሌላ ነገር ስላጣች ነው። አባቷ በሰው ፊት ዋስ ሆኖላታል። በሕይወቷ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

*

ለካፒቴኑ ልትናገር ብላ ደረጃውን ወረደች። እየወረደችም እንዳትናገር የሚያደርጋትን ምክንያት ትሰበስብ ነበር፤ የነገው መስመር፣ የአባቷ ውርደት፣ ምን ላይ እንደተኛ የማያውቀው መንደሯ። ደረጃው ሥር ኢኒጎ ቆሟል። እናቱ ስንቅ በሚያመጣው ጀልባ የሚልኩለትን፣ ቺዝ የተነሰነሰበትን ጣፋጭ ዳቦ በሳጥን ይዟል። ከዚያ ዳቦ ለማንም ቁራሽ እንኳ አካፍሎ አያውቅም።

"ላንቺ ነው" አላት።

"ሁሉንም?"

"ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም ጆቪ።" ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "አይተሻት ዝም ስትዪ አየሁሽ። ለእኔ ብለሽ... ይሄን ያህል እንደምትወጂኝ አላውቅም ነበር።"

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ስለ አደን ጀልባው ልትነግረው አፏን ስትከፍት እሱ ስልኩን አውጥቶ ደውሎ ጨርሷል። "ለማማም ነግሬያታለሁ። ልታናግርሽ ትፈልጋለች" ብሎ ስልኩን አቀበላት።

"ልጄ!" አሉ ዶኛ ኮንሱዌሎ። ዓመት ሙሉ "ያቺ" ሲሏት የኖሩት ሴትዮ ናቸው። "ኢኒጎ ሁሉን ነገረኝ። እኔ እኮ አላወቅኩሽም ነበር። ሴት ልጅ መቼ ዝም እንደምትል ካወቀች ሌላው ሁሉ ይለመዳል፤ አለባበሱም፣ ሹካ አያያዙም። ለገና በዓል እኛ ጋ ነሽ። የምትቀመጪው ከእኔ ጎን ነው። ስምሽንም ቢሆን እናስተካክለዋለን፤ ጁሊያ ብንልሽስ?"

"አመሰግናለሁ ዶኛ" አለች ጆቬሊን። ምን ትበል!

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለአንድ አፍታ ልቧ ዘሏል። ዓመት ሙሉ የተቆለፈባት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለመግባት የሚጠበቅባትም ያንኑ ዝምታ መቀጠል ብቻ ነው። ነገ መስመሩ ይሠራል፣ ስንጥቁ ይታወቃል፣ አባቷ በልጁ እንደኮራ ይኖራል፣ እሷም የዚህን ሰው እጅ ይዛ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣለች። የሚጎዳው ማነው? አንድ ትንሽ ዓሣ ነባሪ። እሱም ምናልባት እናቱን አግኝቷት ይሆናል። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሣ እንዴት ያለ ፍጥነት ነው ያለው!

ስልኩ ተዘጋ።

"ኢኒጎ" አለችው። "አንተም አየሃት አይደል?"

"አየኋት እንጂ! እንዴት ያለች ግሩም ናት! ልጇስ?"

"ሬዲዮ ይዘህ ነበር።"

ፈገግታው ቀዝቀዝ አለ። "እ... አዎ። ግን ያንቺ ሥራ ነው ብዬ..."

"ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ አይደለም" አለችው። "እኛ ጋ ትልቋን ያየ አፉን ይዘጋል። አባቴ በጥፊ ነው ያስተማረኝ። ልናገር እየፈለግኩ አፌ ተያዘ። ሥራዬን አበላሸሁ፤ ሌላ ምንም የለውም። የኔ ዝምታ ከአባቴ ነው ኢኒጎ። ያንተስ ከማን ነው?"

ኢኒጎ ሳጥኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ጆቪ፣ እስኪ ረጋ ብለሽ አስቢው። ዛሬ ከተናገርሽ መርከቡ ዛሬውኑ ይወጣል። የወቅቱ ነፋስ ሊገባ ነው፤ እስከሚመጣው ዓመት ማንም አይመለስም። ሰዎችሽ ምን ላይ እንደተኙ ሳያውቁ ይክረሙ ነው የምትዪው? እናትሽን እኮ..."

"እናቴን አታንሳብኝ!"

"እናትሽን የገደላት አለማወቅ ነው! እኔ ይሄን ሥራ የጀመርኩት ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይሞት ነው!"

እዚህ ላይ አልዋሸም፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። ጆቬሊንን ያመማትም ይሄው ነበር።

"አውቃለሁ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን ቃል ያስገቡህ እነሱ ናቸው። ፈልግልን ያሉህም እነሱ፣ ካረፈባት ውጣልን ያሉህም እነሱ። የሚስማማህን ሰምተህ የማይስማማህን ትጥላለህ? ማን ነህ አንተ?"

ያኔ ነው ከተተኮሰው ሸሚዝ ውስጥ ዋናው ሰውዬ ብቅ ያለው።

"ምን ያስመስልሻል?" አላት። "አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ መንጠቆ ሲሰካባት አይደል የኖረው? አንቺ ራስሽ ጥርስ ያወጣሽው በሥጋዋ ነው። ዛሬ ዓሣ ነባሪ አሳዘነሽ? እስቲ አታስቂኝ!"

በምሳው ጠረጴዛ ላይ የሳቀው ደንግጦ እንዳልነበረ አሁን ገባት። ለዚህ ሰው ነው ወረቀት ስትሰበስብ የከረመችው።

"በልተናታል" አለችው። "እየፈራናት፣ ፊት ለፊት ገጥመናት፣ አባቴ ሁለት ጣቶቹን አጥቶባት ነው የበላናት። አንተ ሸሚዝህ ሳይጨማደድ መትተሃት፣ ይኸው ዳቦ ይዘህ መጣህ። ለእናትህ ንገራቸው፤ ጆቬሊን ነው ስሜ።"

አልፋው ሄደች። ከንዴቷ ይልቅ ንቀቷ ይበልጥ ነበር። እንዲህ አድርጋ የምትንቀው ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም፣ ያውም እሱን።

*

በካፒቴኑ ክፍል ያለው ትልቅ ሬዲዮ በመርከቡ ሁሉና መርከቡን በሚከተሉት የሊናባን ጀልባዎች ላይ ይሰማል። ጆቬሊን ለካፒቴኑ በአጭሩ ነገረችው። ካፒቴኑ ብዙ ባሕር ያየ ሰው ነው፤ መናገሪያውን አቀበላት። ኢኒጎ ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"የሊናባን ጀልባዎች፣ ጆቬሊን ነኝ" አለች። ድምፅዋ እንደፈራችው አልተቆራረጠም። "ዛሬ ከሰዓት ዓሣ ነባሪ ከነልጇ ወደ መድፎቹ ቀርባ ነበር። አየኋት፣ ግን አልተናገርኩም። ድምፁ እላያቸው ላይ አርፏል። ልጁ ከእናቱ ተለይቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ሲገናኙ አላየሁም።"

ከዚያ መናገሪያውን ሳትዘጋ ቀና ብላ ኢኒጎን አየችው። ሌላም ያየ አለ አላለችም። ጣቷን ቁልፉ ላይ እንደተጫነች ቦታ ተወችለት። አንድ ቃል ቢናገር፣ "እኔም አይቻለሁ" ቢል፣ ስድቡንም ሳቁንም ልትረሳለት ተዘጋጅታ ነበር። ያን ያህል ነው የወደደችው።

ኢኒጎ ጫማውን አየ። የተወለወለ፣ ጥሩ ጫማ ነው፤ የሚታይ ብዙ ነገር ነበረበት መሰለኝ፣ ቀና ሳይል ቆየ።

ቁልፉን ለቀቀች።

ከማዶ የመጣው የክሪስፑሎ ድምፅ ነበር። "ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ታታይ" አለች ለአባቷ።

የልጅነቷ ጥፊ ትዝ ብሎት እንደሁ፣ ዋስትናው ትዝ ብሎት እንደሁ ማን ያውቃል። "ሰምተናል" አለ። "መርከቡ ይውጣ።" ደህና ሁኚ አላላትም፤ እሷም እንዲላት አልጠበቀችም። ግን ጠብቃ ነበር።

*

መርከቡ ፊቱን ወደ ሴቡ ሲያዞር ፀሐይ ዝቅ ብላለች። ሳይንቲስቶቹ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ በአጠገቧ ሲያልፉ አንድም ቀና ብሎ ያያት የለም። ትናንት "ሞግዚት" እያሉ የሚስቁት ዛሬ ስድብ እንኳ ነፈጓት። ጆቬሊን ጣሪያው ላይ ወጥታ ከማናንግ ፔርላ ጎን ቆመች። ሊናባን ከኋላቸው ቀርታለች፤ ከሥሯ ያለው ነገር አሁንም አልታወቀም። አንድ ሌሊት ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ የእሷ እንደሚሆን ታውቃለች። ማንም ይህን አንሥቶ ባይወቅሳት እንኳ እሷ ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች።

ኢኒጎ ደረጃውን ወጣ። የመጨረሻው እርከን ላይ ሲደርስ ቆመና በእጁ መደገፊያውን ያዘ።

"ጆቪ" አለ። "ስሜን ስላላነሳሽ..."

ጆቬሊን ዞር ብላ ሙሉ ፊቷን ሰጠችው። ለሁለተኛ ጊዜ ሊያመሰግናት ነው!

"ጨርሰው" አለችው። "አመሰግናለሁ በለኝ። በለኝና ልስማህ።"

ኢኒጎ መደገፊያውን ለቀቀ። ተመልሶ ወረደ።

"አይ እሱ!" አለች ማናንግ ፔርላ፣ ከኋላው አፍንጫዋን ነፍታ። "እናቱ ናት ያበላሸችው፣ ወይስ ሲወለድም እንዲህ ነበር? ጠላሽው አይደል?"

"አልጠላሁትም ማናንግ። ናቅኩት።"

"እንግዲያው ተገላገልሽ። እኔ ያንን ባሌን የናቅኩት ቀን ማታውኑ ጥሩ እራት በልቼ ነው የተኛሁት።"

ጆቬሊን አዎ ልትላት ነበር። የኢኒጎ ኮቴ ከታች እየራቀ ሲሄድ ሰማች። ተመልሶ ይመጣ እንደሆን ብላ፣ ፊቱን ማየት እያስጠላት፣ ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጥ ራሷን አገኘችው። ከዕለቱ ውርደት ሁሉ ይሄ ባሰባት።

"አልተገላገልኩም" አለች። "እንዲህ ንቄውም እወደዋለሁ።"

ጆቬሊን ባይናኩላሩን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ አለቀሰች።